ከጄኔቫ ሸንጎ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የሙሶሊኒ ወረራና የኢትዮጵያ ምርጫዎች

በመሣሪያ እጅግ የሚበልጥ የውጭ አምባገነን ወሰን ሲገፋ የአንድ ሀገር መሪ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ከ1927 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቤኒቶ ሙሶሊኒ ጋር የተደረገው ትግል ነው። ክርክሩ ሁለት ነገሮችን ይመለከታል። አንደኛው፣ ከጦርነቱ በፊት መንግሥት በሕግ፣ በውልና በመንግሥታት ማኅበር ላይ የጣለው ተስፋ ትክክል ነበር ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሀገር ውስጥ ሆነው መዋጋት ነበረባቸው ወይስ ወደ ውጭ መሄዳቸው ይሻል ነበር የሚለው ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም ቢቸናና ሞጣ፣ ሁለቱንም ጥያቄዎች በቅርብ ለማየት የሚያስችል ቦታ ነው። አካባቢው በወረራው ዋዜማ ከዙፋኑ ጋር የተቀያየመው ግዛት አካል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ጣሊያን ከምሽጉ ውጭ ሊገዛው ያልቻለ አገር ሆነ። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የግጭቱ መነሻ

ኢጣሊያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ከተሸነፈች በኋላ በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ አበባ ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች። ይሁን እንጂ ኤርትራንና የሶማሊያን ጠረፍ እንደያዘች ስለቀረች በሰሜንም በደቡብ ምሥራቅም የኢትዮጵያ ጎረቤት ሆና ቀጠለች። በ1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ውስጥ ያላቸውን ጥቅም እርስ በርሳቸው የሚከፋፍሉበት ስምምነት ፈረሙ። ይህ ስምምነት የኢትዮጵያ መሪዎች ሦስቱን ኃያላን አንዱን በሌላው እያቻቻሉ የመኖር ዕድላቸውን አጠበበው።

ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘው በ1915 መጀመሪያ ነው። ለእርሱ የዓድዋ ቂም፣ የቅኝ ግዛት ፍላጎትና በሀገሩ ውስጥ ክብሩን ከፍ የማድረግ ዓላማ አንድ ላይ የተጣመሩ ጉዳዮች ነበሩ። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ኢጣሊያን ሲመታና ሂትለር በጀርመን ሲጠነክር፣ ሙሶሊኒ አውሮፓ ሳይታመስ በፊት አፍሪካ ላይ ፈጣን ድል ማግኘት ፈለገ። በታኅሣሥ 1927 ለጦር መሪዎቹ ባስተላለፈው ምስጢራዊ መመሪያ ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር ደምስሶ ሀገሪቱን በሙሉ መያዝ እንደሆነ አስታወቀ። ከዚህ በኋላ የተካሄደው ሽምግልና ሁሉ ውሳኔውን አስቀድሞ ከጨረሰ ሰው ጋር የተደረገ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥትም ሆነ የለንደንና የፓሪስ ሰዎች ይህን በጊዜው በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም።

ሕግና ውል

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢትዮጵያን በመስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ያደረጉት ይህንን ዓይነት አደጋ በማሰብ ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን በአንድ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ እንዲቆጠር ይደነግግ ነበር። ጦሯ ዘመናዊ ላልሆነ ሀገር ይህ ርካሽ መከላከያ መሰለ።

የመጀመሪያው ፈተና ከጎጃም ውሃ ጋር የተያያዘ ነበር። በታኅሣሥ 1918 እንግሊዝና ኢጣሊያ በደብዳቤ ተስማሙ። ስምምነቱ እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ እንድትሠራ፣ ኢጣሊያም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አልፎ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ አንዱ ሌላውን ይደግፋል የሚል ነበር። ኢትዮጵያን የጠየቃት አልነበረም። ተፈሪ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አመለከቱ፤ ሁለቱ መንግሥታትም የኢትዮጵያን መብት ለመንካት እንዳላሰቡ በጽሑፍ ለማስረዳት ተገደዱ። በክሱ ላይ የተገኘው ይህ ስኬት ማኅበሩ በእርግጥ ይሠራል የሚለውን እምነት አጠነከረ።

ሁለተኛው መንገድ ከኢጣሊያ ጋር በቀጥታ መዋዋል ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነትና የሽምግልና ውል ተፈረመ። በአሰብ ነጻ ቀጣና፣ ከአሰብም ወደ ደሴ የሚወጣ የመኪና መንገድ ታሰበ። ኢትዮጵያ ግን መንገዱ ነገ የጦር መንገድ ይሆናል ብላ ስለሠጋች ሥራው አልገፋም። ኢጣሊያም ውሉን ሰላይና ገንዘብ በቆንስላዎቿ በኩል ወደ ውስጥ ለማስገባት ተጠቀመችበት።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ በተነሣው ግጭት መንግሥት ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም ሽምግልናን፣ ሞከረ። ኢጣሊያ ካሣና ይቅርታ ጠየቀች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ጉዳዩ በ1920ው ውል መሠረት በገላጋይ ይታይ አለች። የሽምግልናው ጉባኤ በነሐሴ 1927 መጨረሻ ሁለቱንም ወገን ጥፋተኛ ሳያደርግ ፈረደ። በዚህ መካከል ዘጠኝ ወር አልፎ ነበር፤ ኢጣሊያም በእነዚሁ ወራት ወታደርና መሣሪያ በስዊዝ ቦይ አድርጋ ምጽዋና ሞቃዲሾ አራገፈች። ንጉሠ ነገሥቱ ጠብ ጫሪ እንዳይባሉ ጦራቸው ከወሰን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያፈገፍግ አዘዙ። ትእዛዙ በጄኔቫ ምስጋና አተረፈ፤ በጦር ሜዳ ግን የመረብን መሻገሪያ ባዶ አስቀረ።

ወዳጅና መሣሪያ ፍለጋ

ከሕጉ ጎን ለጎን መንግሥት ጦሩን ለማዘመን ሞክሯል። የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛውን አሠለጠኑ፤ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤትም በስዊድን መኮንኖች አመራር ተከፈተ። ሆኖም የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። ሀገሪቱ የነበራት አውሮፕላን አንድ ደርዘን ገደማ ብቻ ሲሆን አብዛኛው ለውጊያ የተሠራ አልነበረም።

መሣሪያ መግዛትም በሌሎች በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ባሕር በር ስላልነበረ ዕቃ ሁሉ የሚያልፈው በጅቡቲ ወይም በእንግሊዝ ግዛቶች ነው። ፈረንሳይ ሂትለርን በመፍራት የሙሶሊኒን ወዳጅነት ፈለገች፤ በታኅሣሥ 1927 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ላቫል ሮም ሄዶ ተስማማ። እንግሊዝም ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አልሸጥም አለች። የራሷ የጦር ፋብሪካ ላላት ኢጣሊያ ይህ ክልከላ ምንም አልነበረም፤ የተጎዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። በአንጻሩ ሂትለር በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተኳርፎ ስለነበር ጀርመን በምስጢር ጠመንጃ ለኢትዮጵያ ሸጠች። አንዱ አምባገነን የሌላውን ጠላት ያስታጠቀው ለኢትዮጵያ አዝኖ አልነበረም፤ ኢጣሊያ አፍሪካ ላይ ብትጠመድ ይጠቅመው ነበርና።

ንጉሠ ነገሥቱ የሞከሩት ሌላ ዘዴ የታላላቅ ኩባንያዎችን ጥቅም ከኢትዮጵያ ጋር ማሰር ነበር። በነሐሴ 1927 ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ ወኪል፣ በስተጀርባው የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ላለበት፣ የሀገሪቱን ሰፊ ክፍል የሚሸፍን የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሰጡ። ሐሳቡ አሜሪካ ጥቅሟን ለማስከበር ስትል ኢጣሊያን ትቃወማለች የሚል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ግን ከጦርነቱ መራቅ ስለፈለገ ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሉን እንዲተው አደረገ።

የቤት ውስጥ ስንጥቅ፦ ጎጃም

የውጭ ጠላት የመጣው ዙፋኑ ከአንዳንድ የግዛት ባላባቶች ጋር ትግሉን ገና ባልጨረሰበት ጊዜ ነበር። ጎጃምን ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቀጥሎ ለረጅም ዘመን የገዙት ልጃቸው ራስ ኃይሉ ነበሩ። ራስ ኃይሉ በ1924 ከዙፋን የወረዱት ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ፍቼ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ ሀብታቸው ተወርሶ ታሰሩ። ጎጃምን እንዲገዙ የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመድና የታመኑ ሰው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ራስ እምሩ በቅንነታቸው የሚመሰገኑ ገዥ ቢሆኑም፣ ለብዙው የጎጃም መኳንንት የሸዋ ሹም ነበሩ። የተክለ ሃይማኖት ቤት ከሥልጣን መውጣቱ ቂም ትቶ አለፈ።

ክተት ሲታወጅ ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው በጎንደር በኩል ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የእርሳቸው ጦር የኢጣሊያን ታንኮች ማርኮና አውድሞ ጠላትን ወደ ኋላ መለሰ። ይህ በመላው ጦርነት ከተገኙት ግልጽ ድሎች አንዱ ነው። ሆኖም በዚያው ወቅት ከኋላቸው ጎጃም ውስጥ ደጃዝማች ገሠሠ በለው አመፁ። የዘመተው ወታደር ቤቱ በአመፅ መታመሱን እየሰማ መዋጋት ነበረበት፤ ስንቅና ተጨማሪ ጦር የሚመጣበት መንገድም ታወከ። የጎጃም ሁኔታ የሚያሳየው፣ የመንግሥት ማዕከላዊነት በቶሎና በኃይል ሲገፋ ጠላት በሚገባበት ጊዜ የሚጠየቀውን ታማኝነት ሊያሳጣ እንደሚችል ነው። ትግራይ ውስጥም ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ በወረራው መጀመሪያ ሳምንታት ለኢጣሊያ ገብተዋል።

ጦርነቱና የማኅበሩ መክሸፍ

የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ያለ ጦርነት አዋጅ መረብን ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አስታወቀ፤ ኅዳር 8 ቀንም የኢኮኖሚ ማዕቀብ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ነዳጅ፣ ከሰልና ብረት ከዝርዝሩ ቀሩ፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሶ ለኢጣሊያ የሚሰጥ ምስጢራዊ ዕቅድ አዘጋጁ። ዕቅዱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለተቆጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ማዕቀቡ ግን አልጠነከረም። ከዚያ በኋላ ሙሶሊኒ ጊዜ ማግኘቱን እንጂ መቀጣቱን የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

ኢጣሊያ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ ራሷ የፈረመችውን የ1917ቱን የጄኔቫ ስምምነት ጥሳ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ረጨች። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት ጦር ተሸነፈ።

ከማይጨው መልስ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው ምክር የኢትዮጵያ ፖለቲካ ረጅሙ ክርክር መነሻ ነው። አንደኛው አሳብ መንግሥቱን ወደ ጎሬ አዛውሮ ከምዕራብ መዋጋት ነበር። ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቫ ሄደው እንዲከራከሩ ነው። አብዛኛው መኳንንት ሁለተኛውን ደገፈ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሰሉ ሰዎች ግን ንጉሥ ጦሩን ትቶ አይወጣም ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ራስ እምሩ በጎሬ እንደራሴ ሆነው ቀሩና ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ ተማረኩ። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባዶልዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በአማርኛ ንግግር አደረጉ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ለማቋረጥ ሞከሩ። ማኅበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማዕቀቡን አነሣ፤ የተጠየቀውንም ብድር ከለከለ። ቢሆንም ንግግሩ ሁለት ነገር አስገኘ። የኢትዮጵያ መንግሥት በሕግ ፊት አለመሞቱን አስመዘገበ፤ የወረራውንም ጉዳይ በዓለም ሕዝብ አእምሮ ውስጥ አቆየ። እንግሊዝ በ1931 የኢጣሊያን ግዛት በይፋ ብትቀበልም አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ ሜክሲኮና ኒውዚላንድ አልተቀበሉም።

ቢቸናና ሞጣ በአርበኝነት ዘመን

ጣሊያን ወደ ጎጃም የገባው ብዙ ሳይዋጋ ነው። የጎጃም ጦር በሽሬ ተበትኗል፤ ከመኳንንቱም አንዳንዱ አዲሱ ገዥ የቀድሞ ክብሩን ይመልስለታል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ይህ ተስፋ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ውስጥ በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተፈጸመው ጭፍጨፋና በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መገደል ካህኑንም ገበሬውንም አስቆጣ። በጎጃም ደግሞ ሕዝቡ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ ታዘዘ። ጠመንጃ ለጎጃም ገበሬ የርስቱ መከታና የወንድነቱ ምልክት ስለነበር፣ ትእዛዙ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ለአመፅ ቀሰቀሰው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በ1929 መጨረሻና በ1930 መጀመሪያ፣ ጎጃም በሙሉ ተነሣ።

የአርበኞቹ አሰላለፍ የየአካባቢውን አለቃ የተከተለ ነበር። በምዕራብ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ታወቁ። በምሥራቅ ልጅ ኃይሉ በለው በሞጣ በኩል፣ በላይ ዘለቀ ደግሞ በቢቸናና በዓባይ ቆላ በኩል ዋናዎቹ መሪዎች ሆኑ። ልጅ ኃይሉ ከተክለ ሃይማኖት ቤት የሚወለዱ መኳንንት ናቸው። በላይ ዘለቀ ግን ከወረራው በፊት በሽፍትነት ዓባይ በረሃ የቆዩ፣ ሹመትም ሆነ ትውልድ ያልደገፋቸው ሰው ነበሩ። አባታቸው ባሻ ዘለቀ በመንግሥት ሰዎች ተገድለዋል። አባ ኮስትር በሚለው የፈረስ ስማቸው የታወቁት በላይ ለዙፋኑ ባለዕዳ አልነበሩም። ጣሊያንን የወጉት ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ስለመጣ ሳይሆን አገራቸው ስለተያዘ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ ለዚህ ዓይነት ውጊያ ተስማሚ ነው። በመካከል የጮቄ ተራራ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ይነሣል፤ ዓባይ ደግሞ በሰሜን፣ በምሥራቅና በደቡብ ጎጃምን እንደ ጠምጣሚ እባብ ይዞራል። ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። አርበኛው ከደጋ ስንቅ ያገኛል፤ ሲባረር ቆላ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ የወሎ ቦረና ወይም በጌምድር ይገባል። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ጥንታዊው የድንጋይ ድልድይ የጠላትን እንቅስቃሴ ለማገድ በአርበኞች እንደተሰበረ ይነገራል፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ እንደተባለ ቀርቷል።

ጣሊያን በቢቸና፣ በሞጣና በሌሎች ከተሞች ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። በምሽጉ ውስጥ የነበረው አብዛኛው ወታደር ከኤርትራና ከሌላው ቅኝ ግዛት የመጣ ሲሆን፣ ከአካባቢው የተመለመለ ባንዳም ተጨምሮበታል። ገጠሩ ግን በአርበኛው እጅ ነበር። ከምሽግ ምሽግ የሚሄድ ስንቅ በብዙ ጦር መታጀብ ነበረበት፤ አንዳንዴም በአውሮፕላን ይጣል ነበር። በ1930 የበጋ ወራት ኢጣሊያ ሰፊ የማጽዳት ዘመቻ አካሂዳ መንደር አቃጠለች፤ ዘመቻው ሲያልፍ አርበኛው ከቆላ ተመልሶ ወጣ። በላይ ዘለቀ በያዙት አገር ሹመት ሰጡ፣ ዳኝነት አስቻሉ። ለተከታዮቻቸው ራስና ደጃዝማች የሚል ማዕረግ መስጠታቸው በኋላ ከመንግሥት ጋር ካጋጯቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ ተጋድሎ ያለ ውስጥ አርበኛ አይታሰብም። በጣሊያን ቢሮ፣ ገበያና ምሽግ ውስጥ ሆነው ወሬ የሚያቀብሉ፣ ጥይት የሚያወጡ፣ ስንቅ የሚያቀብሉ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። በአንጻሩ ደካማ ጎንም ነበረው። አርበኞቹን የሚያዝ አንድ ማዕከል አልነበረም። መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ለረጅም ጊዜ ተጣልተው ቆዩ፤ በምሥራቅም አለቆች በግዛት ይፎካከሩ ነበር። ከባድ መሣሪያ ስላልነበራቸው ጠላትን በምሽግ ውስጥ ማሠር እንጂ ምሽጉን መስበር ይቸግራቸው ነበር። ጣሊያን ይህን ክፍተት ለመጠቀም በመጨረሻ ራስ ኃይሉን ወደ ጎጃም መልሶ በአርበኞቹ ላይ አቆማቸው።

የውጭውና የውስጡ ትግል ሲገናኙ

በስደት ያለው መንግሥትና በበረሃ ያለው አርበኛ ለሦስት ዓመት ያህል የተገናኙት በደብዳቤ ነው። የጎጃም አለቆች ወደ ካርቱምና እንግሊዝ ሀገር ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ወደሚኖሩባት የባዝ ከተማ መልእክት ይልኩ ነበር። በ1931 ሎሬንሶ ታዕዛዝ በምስጢር ጎጃም ገብተው የአርበኞቹን ሁኔታ ለንጉሠ ነገሥቱ አስረዱ። ያም ሆኖ ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት እስካወጀችበት ቀን ድረስ እንግሊዝ አርበኞቹን ለመርዳት አልፈለገችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ደረሱ። በነሐሴ 1932 ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመራው ተልእኮ ጎጃም ገባ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩት ከበደ ተሰማ የተጣሉትን የጎጃም አለቆች የማስታረቅ ሥራ ሠሩ። ቀድሞ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው ሜጀር ቺስማን በካርቱም ሆኖ ስለ አገሩ ያለውን እውቀት አካፈለ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የተመራው የጌዴዎን ጦር ከሁለት ሺህ ያልበለጠ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ነበር። ይህ ትንሽ ኃይል በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጎጃም የኢጣሊያ ጦር ሊያስለቅቅ የቻለው ምሽጎቹ ቀድሞውኑ በአርበኛ ተከብበው ስለነበር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ሲሆን፣ በዚያው ቀን የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ከደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ከደጀን በታች ዓባይን ሲሻገር በላይ ዘለቀ መንገዱን እንዲዘጉ ይጠበቅ ነበር። ጦሩ ግን ሳይመታ አለፈ። የእንግሊዝ መኮንኖች ምክንያቱን ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ለበላይ ለመዳር ቃል በመግባታቸው ነው ሲሉ ጽፈዋል፤ የበላይ ደጋፊዎች ይህን ትረካ አይቀበሉም። ማራቬንታኖ በግንቦት ወር ወሎ ውስጥ አጅባር አካባቢ እጁን ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የሞጣ ምሽግም ተለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ባዶልዮ በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው።

ሌሎች ሀገሮችና ሌላ ዘመን

የኢትዮጵያን ምርጫ ለመመዘን በዚያው ዘመን ተመሳሳይ አደጋ የገጠማቸው ሁለት ሀገሮች ይጠቅማሉ። የቼኮዝሎቫኪያው ቤኔሽ ጥሩ ጦርና ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመ ውል ነበራቸው። በመስከረም 1931 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙኒክ ላይ የሀገራቸውን የወሰን ግዛት ለሂትለር ሲሰጡባቸው ቤኔሽ ሳይዋጉ ተቀበሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ የቀረው ሀገር ተያዘ። ፊንላንድ በኅዳር 1932 የስታሊንን ጦር ብቻዋን ተዋጋች፤ ከሦስት ወር ተኩል በኋላ አንድ አሥረኛ ያህል መሬቷን ለቅቃ ነጻነቷን አተረፈች። ሙሶሊኒ ግን በቁራሽ የሚጠግብ አልነበረም፤ የሆርና የላቫልን ዕቅድ ኢትዮጵያ ብትቀበል ኖሮ እንኳ የቀረው መሬት እንደማይነካ ዋስ የሚሆን አልነበረም።

በኢትዮጵያ በራሷ ጥያቄው በ1969 ተመልሶ መጣ። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ዚያድ ባሬ ጦር በሐምሌ ወር ኦጋዴንን ወረረ። በጊዜው ሥልጣን ላይ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ከ1928 ሁለት ትምህርቶችን የወሰደ ይመስላል፤ በሚያዝያ 1969 በእናት ሀገር ጥሪ ሰፊ ሚሊሺያ አሰለፈ፤ መሣሪያውንም ከአንድ ኃያል መንግሥት በብዛት አገኘ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ካይሮ ላይ ከቅኝ ዘመን የተወረሱ ወሰኖች እንዲከበሩ መወሰኑ ለኢትዮጵያ የሕግ መከታ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ትታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ የኩባ ወታደሮችም ተጨመሩ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። ዋጋው ግን ለአንድ ኃያል መንግሥት የረጅም ጊዜ ጥገኛነት ነበር፤ ድሉም በሀገር ውስጥ በገዛ ሕዝቡ ላይ ሽብር ለሚፈጽም መንግሥት ጉልበት ሰጠ።

የክርክሩ ሚዛን

ሕግን መያዝ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ሕጉ ጠላትን ያቆማል ብሎ ጊዜን መስጠት ነው። ኢትዮጵያ ክሷን በጄኔቫ ባታስመዘግብ ኖሮ በ1932 እንግሊዝ እንደ ነጻ ሀገር መሪ የምትቀበለው ንጉሠ ነገሥት አይኖርም ነበር፤ ጎጃምና ሌሎች ግዛቶችም ከድል በኋላ እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት የመቆጠራቸው አደጋ በጣም ይከብድ ነበር። በአንጻሩ ቢቸናና ሞጣን የመሰሉ አገሮች ለአራት ዓመት ባይዋጉ ኖሮ ከኦሜድላ የተነሣው ትንሽ ጦር የሚደገፍበት መሬት አያገኝም ነበር። ስለዚህ «ስደት ወይስ ውጊያ» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ምርጫ አይደለም። ሁለቱም አስፈላጊ ነበሩ፤ የጎደለው አስቀድሞ አንድ ላይ መታቀዳቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወጡ በበረሃ ለሚቀረው ተጋድሎ ግልጽ አደራ፣ ገንዘብና ማዕከል አልተዉም ማለት ይቻላል፤ በጎሬ የተሞከረው በወራት ውስጥ አከተመ።

ሌላው ጉድለት ከድል በኋላ የተከተለው ነው። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው ቢቸናን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ፤ ልጅ ኃይሉ በለውም በኋላ ራስ ሆኑ። ይሁን እንጂ ከበረሃ የመጣው መሪና ከስደት የተመለሰው መንግሥት ሳይግባቡ ቀሩ። ደጃዝማች በላይ ተይዘው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣታቸው ቢለወጥም ከእስር ሲያመልጡ እንደገና ተያዙና በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ለጠላት ያደሩ መኳንንት በሕይወት ሲቀሩ አርበኛው መሰቀላቸው በምሥራቅ ጎጃም ለመንግሥት የነበረውን አመኔታ ለረጅም ዘመን ጎድቶታል።

ኢጣሊያ የካቲት 3 ቀን 1939 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀብላ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ከአምባገነን ጋር የሚገጥም መሪ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ፍርድ አጭር ነው፦ ውሉንም ሸንጎውንም ይጠቀም፤ ነገር ግን ባላጋራው ሽምግልና መፈለጉን ወይም ጊዜ መፈለጉን በቶሎ ይለይ፤ ከሁሉም በፊት ጦርነቱ በሚደርስበት አገር ያለውን ሕዝብ ከጠላት መምጣት በፊት ያስታርቅ፣ ከድል በኋላም ውለታውን አይርሳ።